ፒኞኑ የማን ነው?

ጠፍቶ የቆመ ሞተር አያናድድም። ነዳጅ አልቆ ይሆናል፣ ካንዴላው ተበላሽቶ ይሆናል፤ እሱ ዝም ሲል አንተም ዝም ብለህ ትወርዳለህ። የሚያናድደው እየጮኸ የማይሄደው ነው። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ሰፈር የሚረብሽ፣ ጭስ የሚተፋ፣ የተቀመጠበትን ሰው ከእግር እስከ ራሱ የሚያንቀጠቅጥ፣ ግን አንድ ስንዝር ፈቀቅ የማይል። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል ባለ ዳገት፣ የገጠመኝ ይኸኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለአዲስ አበባ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ መፈናጠጥ ራሱ አንድ ወግ ነው። እኛ ዘንድ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከከለከለው ወዲህ፣ ሞተር የምናየው ልዩ ፈቃድ ያለው ሰው ሽው ብሎ ሲያልፍ ነው። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ250 ሲሲ በታች ያሉትን ሞተሮች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ካደረገች ጀምሮ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ አገሩን አጥለቅልቆታል። ሞያሌም የሚጫነው ሁሉ በቦዳ ነው የሚጫነው፤ ፍየሉም፣ ፍራሹም፣ የመስኮት ፍሬሙም፣ ከነሻንጣው ቀጠሮ የረፈደበት እንግዳም።

ባለሞተሩ የቡርጂ ልጅ ነበር፤ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣ ትሕትናው ከሞተሩ የጠነከረ። ቀጠሮዬ አስር ሰዓት ላይ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ፣ እዚያ አገር «በሰዓት አቆጣጠር ተለያይተን ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። አስር ሰዓት ያው አስር ሰዓት ነው። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ሞተሯ በአንድ ጊዜ ጩኸቷን ለቀቀችው። ልጁ ነዳጅ ጨመረ፤ እሷም ጩኸት ጨመረች። ከዚያ ቀስ ብለን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይውረዱልኝ» አለ።

እግሬ መሬት እስኪነካ ሰው ተሰብስቧል። ይኼ እኛም አገር የትም ያለ ነው፤ መንገድ ላይ የተበላሸ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ቢያንስ ቆሞ ራስ መነቅነቅ ይገባል። የተሰበሰበው ሰው ግን ራስ በመነቅነቅ የሚመለስ አልነበረም፤ ሁሉም በሽታውን ያውቀዋል። ከሁሉም አስቀድሞና ከሁሉም አስበልጦ የሚያውቀው ደግሞ የአርሴናል ማልያ የለበሰ፣ ተንበርክኮ የሞተሯን ሆድ በጣቱ የሚያንኳኳ ጎረምሳ ነው።

«ክላች!» አለ። «ክላች ነው። ተቃጥሏል። ሌላ ምንም አይደለም።» በስዋሂሊ አለው፣ በኦሮምኛ ደገመው፣ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ በአማርኛ አጸናው፤ «ፍሪሲዮን ነው፣ ወንድሜ። ሞተሩ መወረድ አለበት።»

ባለማልያው የተናገረው እብለት አልነበረም። ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮ የሚያቀብለው የሸክላ ድርድር ነው፤ ሸክላዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲይዙ ጉልበት ያልፋል፣ ሲላሉ ይንሸራተታል። ሸክላው ካለቀ፣ ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ገመዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ፣ ወይም አንዱ ቆጣቢ ለመኪና የተሠራ የሚያንሸራትት ዘይት ከጨመረበት፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይለግማል። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ «ክላች፣ ክላች» እያለ ተቀባበለው። ከአጠገቡ ጋራዥ ቁልፎቹን በከረጢት የያዘ ፉንዲ፣ በእኛ ሜካኒክ፣ መጣና፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሞተሯን ጎን ሊፈታ በረከከ።

«ቆይ» የሚል ድምፅ ከሻይ ቤቱ በኩል መጣ።

ሽማግሌው ቆባቸውን ደፍተው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ቶሎ አልመጡም። ሲደርሱም ሞተሯን አላዩዋትም። በመጀመሪያ ፉንዲውን ሰላም አሉት። ከዚያ ባለማልያውን። ከዚያ የቡርጂውን ልጅ፣ ከአባቱ፣ ከእናቱ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር። ከዚያ እኔን። ናጋ? ሰላም ነኝ። ቤተሰብ ሰላም ነው? ሰላም ነው። አገር? ሰላም ነው (ይህን ስመልስ ትንሽ ዘገየሁ)። ከብቱስ? ከብት የለኝም ማለት ብልግና መሰለኝና ደህና ነው አልኩ። ዝናቡስ እናንተ ጋ እንዴት ነው? እየጣለ ነው አልኩ። ተመስገን አሉ። እኔ በዚህ መካከል ሰዓቴን አየሁ፤ እሳቸውም ሰዓቴን ሳይ አዩኝ፣ እና ስለ ዝናቡ አንድ ጥያቄ ጨመሩ።

ብስጭቴን መደበቅ አልቻልኩም፤ ለማንስ ብዬ እደብቃለሁ። የቡርጂው ልጅ ግን ጠጋ ብሎ ሹክ አለኝ፤ ሰውዬው በወጣትነታቸው ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ በሚወስደው መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም የሆነው ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ በዚያን ዘመን ግን ድንጋይና አቧራ ነበር። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪናው በጥበቃ ታጅቦ፣ ተከታትሎ ነበር የሚጓዘው። በዚያው መንገድ ባለው በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ላይ ካምቢዮ የፈታ ሰው በከተማ ፉንዲ አይደነግጥም።

«ወደ ቱላ ወርደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ልጁ አስተረጎመልኝ።

አልወረድኩም፤ ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ወንዶች ከታች ከውሃው እስከ ላይ እስከ ገንዳው አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚይዝ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ እንኳ አለው።

«ውሃ ገንዳው ጋ ካልደረሰ» አሉ ሽማግሌው፣ «ከታች ያለውን ሰው ትሳደባለህ? አትሳደብም። ባልዲው ማን እጅ ላይ እንደቀረ ታያለህ።»

እንግዲህ ባልዲውን ፍለጋ ተገባ። ሞተሯን በመቆሚያዋ አቆሟት፤ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሣ። ልጁ አስነሣት፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ጩኸት አለ። ጎማው ቆሟል። ካቴናውም ቆሟል። ባለማልያው እጁን ዘርግቶ «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ሁላችንንም ዞሮ አየን።

ሽማግሌው የዱላቸውን ጫፍ የሞተሩ ሆድ ላይ አሳረፉ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ። እስቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገር ግን የድሮ ሜካኒኮች በካቻቢቴ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ድምፅ በደረቅ ነገር ጥርት ብሎ ይመጣል። ልጁን ማርሽ አስገባ፣ አውጣ፣ አስገባ እያሉ ደጋግመው ሰሙ። «ይኼ ይናገራል» አሉ ሞተሩን። ዱላውን ወደ ካምቢዮው ወሰዱት። «ይኼም ሰምቷል። ማርሽ ሲገባ ይዞራል።»

«ባባ፣ ክላች ነው» አለ ባለማልያው።

«ጎማው አየር ላይ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። «ጭነት የለበትም። ሰነፍ ሰው እንኳ ባዶ ባልዲ ያቀብላል።»

አሁን ሳስበው የዚያን ቀን ንግግር ሁሉ ከሚመዝኑት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የደከመ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ሰው ጭኖ ይለግም ይሆናል፤ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሸክም ሲቀልለት ግን ጥቂት እንኳ ሳያዞረው አይቀርም። ጭራሽ ካላዞረው፣ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። ባለማልያው ግን የሚበገር አልሆነም። እንግዲያውስ ፈጽሞ ተቃጥሏል አለ። አመድ ሆኗል።

«ከተቃጠለ ይሸታል» አሉ ሽማግሌው። «ዘይቱን አምጡ።»

ፉንዲው የዘይት መለኪያውን ነቅሎ አቀበላቸው። ሽማግሌው አሸተቱት። ምንም አላሉም። ከጎናቸው ላሉት ሌላ ሽማግሌ ሰጡ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። መለኪያው በዕድሜ ተራ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እንግዳ ስለሆንኩ ከሚገባኝ ተራ ቀድሞ ደረሰኝ። አሸተትኩት፤ የሞተር ዘይት ይሸታል። በመላው ሕይወቴ ያሸተትኩት ዘይት ሁሉ የሞተር ዘይት ነው የሚሸተው። ቢሆንም ፊቴን እንደሌሎቹ ኮስተር አድርጌ፣ ጥቂት አሰብ አድርጌ፣ ለሚቀጥለው አቀበልኩት። የሚቀጥለው ሰው ተቀብሎ አሸተተ፤ ቀና ሲል ተያየን። በአስር ሰዓት የቀጠረኝ ነጋዴ ነበር።

«ይቅርታ፣ ልመጣ ስል ይህን አይቼ ነው» አለኝ።

ጉዳያችንን እዚያው ቆመን ጨረስነው። ዝርዝሩ ለአንባቢ አይጠቅምም፤ ለእኔም ብዙ አልጠቀመም። ከዚያ በኋላ ግን የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝም፣ የማይቸኩል ሰው ደግሞ በሌላ ሰው ሞተር ብልሽት የሚገርም ደስታ ያገኛል።

ካምቢዮው እየዞረ ካቴናው ከቆመ፣ የሚቀረው በመካከላቸው ያለው ጥርሳሙ ፒኞን ነው። ክዳኑን ለመፍታት ፉንዲው ቁልፉን ሲያነሣ ሽማግሌው እንደገና አስቆሙት። ወደ ቡርጂው ልጅ ዞረው «ይክፈተው?» አሉ። ልጁ «ይክፈተው» አለ። እኔ የማውቀው የአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ «ትንሽ ድምፅ ያሰማል» ብለህ ሳትጨርስ ሞተርህ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ፤ የተረፈች ቡሎን በእጅህ ይሰጡህና «ይቺ ብዙም አታስፈልግም» ይሉሃል። እዚህ ለአንዲት ክዳን ፈቃድ ተጠየቀ። ለእኔ አዲስ ነገር ነው፤ የሰው ዕቃ የሰው ገላ እንደሆነ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ክዳኑ ወረደ። ውስጡ ግራሶና አሸዋ ተለውሶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ፉንዲው በጨርቅ ጠረገው፤ ልጁ ሞተሯን አስነሥቶ ማርሽ አስገባ። ሁላችንም አጎነበስን። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ እየተሽከረከረ ነው። በዘንጉ ላይ የተሰካው፣ ካቴናውን መሳብ ያለበት ፒኞን ግን ቁጭ ብሎ ያያል። የውጭ ጥርሱ ደህና ነው። የውስጥ ጥርሱ፣ ዘንጉን መንከስ ያለበት፣ ተላጭቶ እንደ ቀለበት ልስልስ ብሏል። እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ላሜራ ቡሎኖቹ የሉም፤ በእነሱ ፈንታ ሽቦ ታስሯል፣ ሽቦውም ተበጥሷል። ባልዲው የቀረው እዚህ እጅ ላይ ነው።

ሞተሩ ንጹሕ፣ ፍሪሲዮኑ ንጹሕ፣ ካምቢዮው ንጹሕ።

«ይኼ ፒኞን» አሉ ሽማግሌው፣ «ለዚች ሞተር የተሠራ አይደለም። ከሌላ የወጣ ነው።»

ዝም ተባለ። የቡርጂው ልጅ መሬት መሬቱን አየ። ፉንዲው ቁልፎቹን በቁጥራቸው መደርደር ጀመረ። ሌሎቹ ሰማዩን ተመለከቱ፣ አንዳንዱ ጫማውን። ብዙ ሰው አንድን ሰው ላለማየት ሲጥር፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ማንም የማያየው ባለማልያውን ነበር። አሮጌውን ፒኞን እንደ አዲስ ለልጁ የሸጠው እሱ ነው። ከመጀመሪያው «ክላች፣ ክላች» እያለ ሕዝቡን ከዚያ ክዳን ሲያርቅ የቆየው ለዚሁ ነው።

አሁን ይፈነዳል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ይፈነዳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ያደግሁት ሁለት መኪና ሲጫጫር ሾፌሮቹ የተጫረውን ሳያዩ አንገት ለአንገት በሚተናነቁበት ከተማ ነው። እኛ ብልሽት ስንፈልግ «ምኑ ነው?» ብለን አንጀምርም፤ «ማነው?» ብለን ነው። ማነው ከታወቀ፣ ምኑ ቢቀርም ግድ የለንም። መኪናው እዚያው ይቁም፣ ዋናው ነገር ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ሽማግሌው ፒኞኑን ከዘንጉ በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው አወጡት። ያለ ቁልፍ ወጣ። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ደክሞታል» አሉ። «ብዙ አገልግሏል።»

ከዚያ ወደ ባለማልያው ዞሩና፣ አንድም የቁጣ ቃል ሳይጨምሩ፣ «አንተ ልጅ፣ አዲስ ፒኞን የት እንደሚገኝ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከነላሜራው፣ ከነቡሎኑ፣ ፈጠን በል» አሉት። ባለማልያው ሮጠ። ሲመለስ ከነላስቲኩ ያልተፈታ አዲስ ፒኞን ይዟል። ማን ከፈለ? ማንም አልጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። አሮጌው ፒኞን ደግሞ ማንም ሳያነሣው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

እኔ አልቻልኩም። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብዬ፣ በልጁ በኩል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባቴ፣ የሸጠለት እሱ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው አልከኝ?» አሉ።

መመለስ ነበረብኝ። እየጣለ ነው አልኩ።

ይህ ጨዋነት ነው ወይስ ወንጀል መሸፈን? እስካሁን አልወሰንኩም። የገዳን ሥርዓት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው፣ በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የቦረና ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ ላይ፣ ሕግ ሲወጣና ሲሻሻል እንደሚዋል አንብቤ አደንቅ ነበር፤ ዳገት ላይ፣ ቀጠሮ ረፍዶብኝ ሳየው ግን እንደ ማንበቡ አይቀልም። የሰው ፊት እንዳይጠቁር የተደረገው ጥንቃቄ ቆንጆ ነው። ነገ ደግሞ ያው ጎረምሳ ለሌላው ባለሞተር ሌላ የተላጨ ፒኞን ይሸጣል፤ ያኛው ባለሞተር ወደ ሶሎሎ ሲወርድ ፍየልና ፍራሽ ሳይሆን ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ቢሆንስ? ለአንዱ ሰው ፊት ሲባል የሌላው ሰው ጥርስ ይረግፋል። ይህን ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ሻይ መጣ።

ሻይ ሲመጣ ያየሁት ነገር አሳቤን ትንሽ አዛነፈው። ፉንዲው ላሜራውን እያሰረ ሳለ ለሁላችንም ወተት የበዛበት፣ ስኳር የበዛበት የኬንያ ሻይ ተቀዳ። ለባለማልያውም ተቀዳለት፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ቀድሞ። አግዳሚው ወንበር ላይ ግን ማንም ጠጋ አላለለትም። ቦታ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ለእኔ ሻንጣ ሳይቀር ቦታ ነበር። ሰዎቹ ግን እግራቸውን ትንሽ ከፈት፣ ክርናቸውን ትንሽ ሰፋ አድርገው ተቀምጠዋል። እሱም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቆሞ ጠጣ። ሁለተኛ ሲቀዳለትም ቆሞ ጠጣ። ስድብም፣ ክስም፣ ትራፊክ ፖሊስም አልተጠራም፤ ዋጋውን ግን እየከፈለ ነበር፣ ያውም በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም ማንም ሳያየው።

ሽማግሌው በመጨረሻ «እንግዳው ይቸኩላል» አሉ። ከቸኮልኩ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ግን ሰዓቴን ማየቴን አልረሱትም። እና ማን ያድርሰው? ባለማልያው። የራሱ ሞተር አለችው።

ተፈናጠጥኩ። የእሱ ሞተር፣ መናገር ያለብኝ፣ እንደ ጥይት ነበረች፤ ጉልበቷ ጎማዋ ጋ ብቻ ሳይሆን አከርካሪዬ ጋም ደረሰ። የራሱን ፒኞን ከማን እንደገዛው አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የዝናብ ወሬ እንደሚመልሰው ተምሬያለሁ። ወደ ድንበሩ ስንቃረብ መንገዱን መሐል ለመሐል ይዞ መንዳት ጀመረ። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፣ ኢትዮጵያ በቀኝ፤ እሱ ከሁለቱም አገር ጋር ላለመቀያየም የወሰነ ይመስል ነበር። መስመሩን እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝና ምኒልክ ተስማምተው አሰመሩት፤ በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መሪዎች መጥተው የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁት። ባለማልያው ግን ይህን ሁሉ ታሪክ በሁለት ጎማ መሐል ከፍሎት ሄደ።

ኬላው ጋ ወረድኩ። «ስንት ነው?» አልኩት።

«የመሰለህን።»

ይኼ ቃል ከድንበሩ በሁለቱም በኩል አለ፣ በሁለቱም በኩል ያሰቃያል። ዋጋ የጠራ ሰው ትከራከረዋለህ፤ «የመሰለህን» ያለህን ሰው ግን ከራስህ ጋር ነው የምትከራከረው። ትንሽ ከሰጠህ ንፉግ ነህ፣ ብዙ ከሰጠህ አላዋቂ፣ ልክ ከሰጠህ ደግሞ ልክ መሆኑን የሚነግርህ የለም። በተለይ የሸጠውን ነገር ታውቃለህ፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል፤ ሂሳቡ ውስጥ የፒኞኑን መደመር ነው ወይስ መቀነስ? ከኪሴ የወጣውን ሽልንግ አጥፌ ሰጠሁት። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው፤ በሰጪው ፊት መቁጠር ነውር ነው። እኔም መንገዴን ልቀጥል ስል ሞተሩን አጠፋው።

«ወንድሜ» አለኝ፣ ማልያውን እያስተካከለ፤ «ክላቹም ግን ደህና አልነበረም።»

ዝም አልኩ።

«ዘይቱ እኮ ይሸት ነበር። አንተስ አሽትተኸው የለም?»